ስም ጠርተው የሚጨፍሩት የአቶ ታረቀኝ ገዛኸኝ የሕይወት ታሪክ

ይህ የሕይወት ታሪክ ከመነበቡ በፊት አንድ ስም ይጠራል፤ አቶ ረመዳን እንድሪስ። ለምን እንደተጠራ ቦታው ሲደርስ ይነገራል። የክርስቲያን ሰው ታሪክ በእስላም ስም እንዴት ይከፈታል ያሉ አንድ ዘመድ ትናንት ነበሩ። ከሩቅ አገር የመጡ ስለሆኑ አልተፈረደባቸውም፤ ቆቦ ያደገ ሰው ይህን አይጠይቅም። የሥላሴ ስም በጸሎቱ ተጠርቷል፣ ካህናቱም ቅር አላላቸውም። ሟቹ በሕይወት ሳሉ በዚህ ነገር ቃል አስገብተዋል፤ ቃሉን የገባችው ደግሞ ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀችው ታናሽ እህታቸው መምህርት ሙሉ ገዛኸኝ ናት። አንድ ጊዜ በድላቸዋለች፤ ሁለተኛ አትበድላቸውም።

አቶ ታረቀኝ ገዛኸኝ ከአባታቸው ከአቶ ገዛኸኝ ይርጋና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሽታየ ጋሹ በሮቢት ግንቦት 12 ቀን 1968 ዓ.ም. ተወለዱ። ለወላጆቻቸው የመጀመሪያ ልጅ ነበሩ። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን እዚያው ሮቢት፣ ሁለተኛ ደረጃውን ደግሞ በቆቦ እስከ አሥረኛ ክፍል ተከታትለዋል። አብረዋቸው የተማሩት ዛሬ እዚህ ድንኳን ውስጥ ያሉ ሰዎች ስለ እሳቸው የሚያስታውሱት የሒሳብ ውጤታቸውን አይደለም። ሰልፍ ላይ መቆም የማይችሉ ልጅ ነበሩ። ባንዲራ ሲሰቀል እንኳ እግራቸው አያርፍም ነበርና ስንት ጊዜ ጠጠር ላይ እንደተንበረከኩ ጉልበታቸው ይመሰክር ነበር።

በ1985 ዓ.ም. አባታቸው በድንገት ስላረፉ ትምህርታቸውን አቋርጠው ከቆቦ ወልድያ በሚመላለስ አውቶቡስ ላይ በረዳትነት ተቀጠሩ። የቤቱ ራስ ሆኑ። እህታቸው ሙሉ ተምራ መምህርት የሆነችው እሳቸው በአውቶቡስ በር ላይ ተንጠልጥለው ባመጡት እንጀራ ነው። ይህን መጻፍ ያስፈለገው ውለታው እንዲታወቅ ብቻ አይደለም፤ በኋላ ላይ ውለታውን በምን እንደመለሰችው አንባቢው አስቦ እንዲፈርድባት ነው።

በዚያ ዘመን የቆቦ መናኸሪያ መኪና መሳፈሪያ ብቻ አልነበረም። በገበያ ቀን አውቶቡሱ እስኪሞላ ድረስ ረዳቱ፣ ወዛደሩ፣ ከገበያ የሚመለሰው ሰው ክብ ይሠራል። አንዱ ባዶ ጀሪካን ይመታል፣ ሌላው ያጨበጭባል፣ አንድ ዱላ ከእጅ እጅ ይዞራል፤ ዱላው የደረሰው ወደ ክቡ ይገባል። ቆለኛው ዝላዩን፣ ደገኛው ትከሻውን ይዞ ይመጣ ነበር። ከዋጃ ቅቤ ይዛ የምትመጣው ኡሙሃኒ አንገቷን ብቻ አንቀሳቅሳ ትከሻዋን ድንጋይ ማድረግ ትችል ነበር፤ ጎማ ጠጋኙ ቢኒያም ከመሬት ተነሥቶ አየር ላይ ሁለት ጊዜ ሳያጨበጭብ አይወርድም። ይህን ሁሉ ያዋለደው ማንም አሠልጣኝ አይደለም። አሥፋልት፣ ፀሐይና መኪና መጠበቅ ነው።

አቶ ረመዳን እንድሪስ በዚያ መናኸሪያ ጫኝና አውራጅ ነበሩ። በ1985 ዓ.ም. ክረምት ከአውቶቡስ ጣሪያ ላይ አንድ ኩንታል ማሽላ ወድቆ ግራ ጉልበታቸውን መታቸው፤ ከዚያ ወዲህ ያ ጉልበት አይታጠፍም። ሥራ ግን አላቆሙም። ሸክም ይዘው በመሰላሉ ሲወርዱ ደኅናው እግራቸው ይቀድማል፣ ትንሽ ቆም ይላሉ፣ ከዚያ ግራው እግር ዞሮ ይመጣል፤ ሸክሙ እንዳያዳልጣቸውም ግራ ትከሻቸው ዝቅ ብሎ ድንገት ይነሣል። መናኸሪያው በየቀኑ ያየው ነበር። አንድ ሰው ብቻ ልብ ብሎ አየው።

እውነቱ ይነገርና ነገሩ የተጀመረው በሹፈት ነው። በ1987 ዓ.ም. ጥር ወር በአንድ የገበያ ቀን ዱላው ሲደርሳቸው የአሥራ ስምንት ዓመቱ ታረቀኝ ወደ ክቡ ገብተው የአቶ ረመዳንን አወራረድ ተጫወቱት። ሰው በሳቅ ሞተ። አቶ ረመዳን ጣሪያው ላይ ሆነው አዩ። የያዙትን ጆንያ አስቀመጡ፣ በመሰላሉ ወረዱ፣ ክቡን ከፍለው ገብተው ዱላውን ከታረቀኝ እጅ ወሰዱ። ሊመቱት ነው ብሎ ሰው ሁሉ ወደ ኋላ አፈገፈገ። እሳቸው ግን ጨፈሩት። በዚያች በማትታጠፍ ጉልበታቸው፣ በዚያች ትከሻቸው፣ ጀሪካኑን እየጠበቁ አንዱንም ምት ሳይስቱ ጨፈሩት፤ የሳቀ አልነበረም። ሲጨርሱ ዱላውን መልሰው ሰጧቸውና «አንተ ታረቀኝ፣ እግሬን ከወሰድህ ስሜንም ውሰድ» አሏቸው።

ከዚያ ቀን ወዲያ በመናኸሪያው ደንብ ወጣ። የሰው እርምጃ ይዞ ወደ ክቡ የሚገባ ሁሉ ዱላውን ከፍ አድርጎ የባለቤቱን ስም ይጠራል። የኡሙሃኒ ነው። የቢኒያም ነው። ሳይጠራ የገባ ዱላውን ይነጠቃል፣ አውቶቡሱ እስኪነሣም ሻንጣ ሲጭን ይውላል። ደንቡን አጥብቀው የያዙት አቶ ታረቀኝ ነበሩ፤ እንደ መሐላ ያዩት ነበር። አንድ ጊዜ ሹፌራቸውን እንኳ ስም ሳይጠራ ስለገባ ዱላ ነጥቀው ሻንጣ አስጭነውታል ይባላል። ሹፌሩ ዛሬ ከፊት ወንበር ተቀምጠዋል፤ እውነት ነው ብለዋል።

አቶ ታረቀኝ በዚህች እርምጃ ላይ ስምንት ዓመት ሠሩ። አፈጠኗት፣ ወደ መሬት አወረዷት። ቆም የሚለውን ቦታ እየቆረጡ እየቀጠሉ፣ መኪናው ሳይቆም ከበር ላይ ዘሎ እንደሚወርድ ረዳት አደረጓት፤ አንዱ እግር መሬት ይይዛል፣ ሌላው ገና መኪናው ላይ ያለ ይመስላል፣ ትከሻው ደርሶ ሁለቱን ያስታርቃቸዋል። ሰው ስም አወጣላት፤ ሳይቆም ወራጅ። ከሮቢት እስከ ዋጃ ያለ እርሷ ያለቀ ሠርግ አልነበረም። የጠራቸው ሁሉ ግን አንድ ነገር ያውቃል። አቶ ታረቀኝ በማንም ሠርግ፣ በማንም ፊት፣ ዱላቸውን አንሥተው «የረመዳን ነው» ሳይሉ እግራቸውን አንሥተው አያውቁም።

ጥር 14 ቀን 1992 ዓ.ም. በመናኸሪያው ትኬት ትቆርጥ ከነበረችው ከባለቤታቸው ከወይዘሮ መሠረት አያሌው ጋር ጋብቻ መሥርተው ልጃቸውን ሄኖክንና ልጃቸውን መቅደስን አፍርተዋል። አንደኛ ሚዜያቸው አቶ ረመዳን ነበሩ። በሠርጉ ቀን ሙሽራዋ ዱላ ሲሰጣት የባሏን ስም ትጠራለች ብሎ ሰው ሲጠብቅ፣ ወይዘሮ መሠረት ባሏን ዘልላ «የረመዳን ነው» ብላ ገባች። አቶ ታረቀኝ በሕይወታቸው ከሁሉ የበለጠ ደስ ያላቸው የትኛው ቀን እንደሆነ ሲጠየቁ ይህን ይናገሩ ነበር።

እስከዚህ ድረስ ያለው ደስ ብሎ የሚጻፍ ነው። ከዚህ በኋላ ያለው ግን ያንገበግባል፤ ያንገበገበውም ሳይለዝብ ይጻፋል።

በ1995 ዓ.ም. አንድ የባህል ቡድን ተወዛዋዦችን ለመመልመል ወደ አካባቢው መጣ። የቡድኑም ሆነ የመልማዮቹ ስም በዚህ ጽሑፍ ውስጥ አይገኝም፤ ስም የሚጠራው ለሚገባው ነው። አቶ ታረቀኝ ከሥራ ተመልሰው፣ በሱሪያቸውና በፕላስቲክ ጫማቸው፣ ከሦስት ዳኞች ፊት ቀረቡ። ስም ጠርተው ጨፈሩ። ዳኞቹ ረመዳን የየትኛው ቀበሌ ጭፈራ እንደሆነ ጠየቁ። ቀበሌ ሳይሆን ሰው እንደሆነ፣ አሁንም መናኸሪያ አውቶቡስ እየጫነ እንደሆነ ተነገራቸው። ሣቁ። ባህል የአንድ ሰው ስም አይኖረውም፣ ይህ ደግሞ የመንገድ ላይ ጨዋታ እንጂ ባህል አይደለም ብለው አሰናበቷቸው። ሆኖም አንደኛው ዳኛ ለማኅደር ይሆናል በማለት እንደገና አስጨፍሮ በትንሽ ካሜራ ቀረጻቸው። አቶ ታረቀኝ ለመቀረጽ እምቢ አላሉም። ያየ ሁሉ ስም የሚጠራ መስሏቸው ነበር፤ እሳቸው የሚያውቁት አገር እንደዚያ ነበርና።

በ1997 ዓ.ም. በመስቀል ሰሞን ቆቦ ውስጥ አንድ ምግብ ቤት ቴሌቪዥን ላይ አርባ ወጣቶች ተመሳሳይ ልብስ ለብሰው፣ ዶቃ አስረው፣ ባላየነው ሐይቅ ዳር ሳይቆም ወራጅን ጨፈሩ። እርምጃዋ ሳትጎድል ሳትተርፍ እርሷው ናት። ትከሻዋ እንኳ የአቶ ረመዳን ሸክም እንዳለበት ዝቅ ብላ ትነሣለች። ከሥር የተጻፈው ግን የራያ ባህላዊ ጭፈራ የሚል ብቻ ነበር። ምግብ ቤቱ በጭብጨባ ተናወጠ፤ ሰው አገሩ በቴሌቪዥን ስለታየ ነው የተደሰተው፣ አይፈረድበትም። አቶ ታረቀኝ ተሳፋሪ ሊጠሩ ገብተው በሩ ላይ ቆመው ነበር። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም። በአቧራና በቤንዚን መካከል የተሠራውን ነገር ባህል አይደለም ብለው አባረው፣ የባለቤቱን ስም ካስቀሩ በኋላ ባህል ነው አሉ።

አቶ ታረቀኝ በጭነት መኪና ተሳፍረው አዲስ አበባ ሄዱ። በሦስተኛው ቀን አንድ ኃላፊ ዘንድ ደረሱ። ኃላፊው በትሕትና ሻይ አዝዘውላቸው የሕዝብ ጭፈራ የሕዝብ እንደሆነ፣ ለአንድ ግለሰብ ሊሰጥ እንደማይችል አስረዷቸው። አቶ ታረቀኝ ለራሳቸው ምንም አልጠየቁም። የጠየቁት ከሥሩ አንድ ስም እንዲጻፍ ብቻ ነበር። ሰሚ ሲያጡ ተነሥተው ያሉትን ቃል አብሯቸው የነበረ የአጎታቸው ልጅ እስከ ዛሬ አልረሳውም። «ሕዝብማ አላነከሰም፤ ያነከሰው ረመዳን ነው» ብለው ወጡ። ሻዩን አልቀመሱትም።

ይህም አልበቃ ብሎ ከጥቂት ዓመታት በኋላ አንድ የውዝዋዜ ባለሙያ በቴሌቪዥን ቀርበው የእርምጃዋን ምሥጢር ተነተኑ። እግሩ ቆም ማለቱ የራያ ጀግና በቁጥቋጦ ተሸሽጎ ሲያነጣጥር፣ ትከሻው ዝቅ ብሎ መነሣቱ ጠመንጃው ሲተኩስ የሚያሳይ ነው አሉ። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት ይህ ነው። ባለሙያው ሲናገሩ አቶ ረመዳን ከአቶ ታረቀኝ ቤት ቁጭ ብለው ይመለከቱ ነበር። ጥቂት አሰቡና «እኔስ ያነጣጠርሁት መሰላሉን ነበር» አሉ። ቤቱ ሁሉ ሳቀ። አቶ ታረቀኝ ግን አልሳቁም፤ ተነሥተው ቴሌቪዥኑን አጠፉት።

አሁን የእህታቸው ተራ ነው። መምህርት ሙሉ ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ ለተለያዩ መሥሪያ ቤቶች ስድስት ማመልከቻ ጽፋለች። ወንድሟ ፊደል ሳያንሳቸው መጻፉን ለእርሷ የተዉት እርሷ የተማረች ስለሆነች፣ አሳምራ ትጽፋለች ብለው ስላመኑ ነው። አሳምራ ጻፈች። በስድስቱም ላይ ጭፈራዋ የወንድሟ የግል ፈጠራ እንደሆነች ጻፈች። የአቶ ረመዳንን ስም በአንዱም አላነሣችውም። የረሳችው አይደለም። አገር ሁሉ የሚጨፍረው ነገር ከአንድ ወዛደር አንካሳ እግር መጣ ቢባል ማን ያምናል፣ ነገሩን ያበላሸዋል፣ መጀመሪያ ይታወቅልንና ሌላው ቀስ ብሎ ይስተካከላል ብላ አስባ ነው። አቶ ታረቀኝም በእህታቸው ስለሚተማመኑ ሳያነቡ ይፈርሙ ነበር። ሦስቱ ዳኞች ካሜራ ይዘው ያደረጉትን እህታቸው በእስክሪብቶ አደረገችው። በእነርሱ ላይ የተጻፈው ቁጣ ሁሉ ለእርሷም ይድረሳት።

በ2011 ዓ.ም. ግንቦት ወር ስድስተኛው ማመልከቻ ፍሬ አፈራ። አንድ መሥሪያ ቤት ባዘጋጀው የባህል ቀን ላይ ለአቶ ታረቀኝ የምስክር ወረቀት እንደሚሰጥ ደብዳቤ ደረሰ። አቶ ታረቀኝ ደስታቸው ወሰን አጣ። ለአቶ ረመዳን አዲስ ሸሚዝ አሰፉላቸው፣ እንደ ሙሽራ ከፊት ወንበር አስቀምጠው ሦስት ሰዓት ሙሉ መኪና ነድተው ወሰዷቸው። እህታቸውም አብራ ነበረች። አንድ ቃል ልተንፍስ ብትል በዚያ መንገድ ላይ ጊዜ ነበራት።

አዳራሹ በር ላይ ዘበኛው ዝርዝር ይዞ ቆሟል። የአቶ ታረቀኝ ስም አለ፣ የባለቤታቸው አለ፣ የእህታቸው አለ። የአቶ ረመዳን ስም የለም። እሳቸው በሌላ በር ይገባሉ ተብሎ አቶ ታረቀኝ በጥድፊያ ወደ መድረክ ተወሰዱ። አቶ ረመዳን በአዲሱ ሸሚዛቸው ውጭ ከግራር ሥር ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። አልተቆጡም፤ ለምደውታል። መድረክ ላይ የተነበበው «የሳይቆም ወራጅ ጭፈራ ፈጣሪ አቶ ታረቀኝ ገዛኸኝ» የሚል ነበር። አቶ ታረቀኝ ወረቀቱን ተቀብለው ራሳቸው አንዴ አነበቡት፤ ከዚያም ረመዳን የት አለ ብለው በማይክሮፎን ጠየቁ። አስተባባሪው ሰዓት እንደሌለ ነገራቸው። ወረቀቱን ወንበር ላይ አስቀምጠው፣ ጨፍሩልን የሚለውን ጩኸት ከኋላቸው ትተው፣ በመካከለኛው መተላለፊያ ወጥተው ሄዱ።

ከግራሩ ሥር ሲደርሱ እህታቸው ሁሉንም ነገረቻቸው፤ ስድስቱንም። አቶ ታረቀኝ በሕይወታቸው ጮኸው የተናገሯት ቀን የለም፣ ያን ቀንም አልጮኹም። «ሙሉ፣ ሌባ አደረግሽኝ» አሏት። ከዚያ ቀን በኋላ ለአንድ ዓመት ከሁለት ወር እህትና ወንድም ሳይነጋገሩ ኖሩ። የምስክር ወረቀቱን ሌላ ሰው አምጥቶላት እስከ ዛሬ እርሷ ዘንድ አለ። ዛሬ ከፎቶግራፋቸው አጠገብ ያልቆመው ጠፍቶ አይደለም።

ያስታረቋቸው አቶ ረመዳን ናቸው። በ2012 ዓ.ም. ሐምሌ ወር፣ ጭቃው እግር በሚይዝበት ጊዜ፣ ሮቢት ድረስ በቅጥቅጥ መጥተው ከአሥፋልቱ እስከ መምህርት ሙሉ ቤት በዚያች እግራቸው ተራመዱ። እርሷ ይቅርታ ልትጠይቅ እግራቸው ላይ ስትወድቅ አነሷትና ጫማሽን አድርጊ አሏት። የተበደሉት እሳቸው፣ ያሸማገሉት እሳቸው፣ የደከሙትም እሳቸው። በዚያው ቀን ቆቦ ወስደው ከወንድሟ ጋር አንድ ማዕድ ላይ አስቀመጧት።

አቶ ታረቀኝ ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ በሹፌርነት ሲያገለግሉ ቆይተዋል። በጦርነቱ ጊዜ መናኸሪያው ባዶ ሲሆን ቤተሰባቸውን ይዘው ወደ ቆላው ወርደው የአቶ ረመዳን ዘመዶች ዘንድ ተጠግተው ሰነበቱ። ሰላም ሲሆን ተመልሰው በትርፍ ጊዜያቸው የመናኸሪያውን ወጣቶች ሰብስበው አስተማሩ። የመጀመሪያው ትምህርት እግር አልነበረም፤ ስም መጥራት ነበር። ዛሬ ሳይቆም ወራጅን በየስልኩ የሚጨፍረው ሰው ብዛቱ አይታወቅም። እኔ ጀመርኳት የሚል ጎረምሳም በቅርቡ ተነሥቷል። ልጃቸው መቅደስ ያየችው ቪዲዮ ሥር ሁሉ «የረመዳን ነው» ብላ ትጽፋለች። ብዙዎቹ የጾሙን ወር ያለች እየመሰላቸው ረመዳን ከሪም ብለው ይመልሱላታል። መጻፏን ግን አላቆመችም።

አቶ ታረቀኝ ቤታቸው ለእንግዳ ክፍት የሆነ፣ ተሳፋሪ መንገድ ላይ የማይጥሉ፣ በቁጣቸው እንኳ ሰው የማያዋርዱ ሰው ነበሩ። ጥፋትም ነበረባቸው፤ ይቅር ለማለት ይዘገያሉ፣ ፍጥነትም ይወዱ ነበር። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ባደረባቸው የኩላሊት ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆዩ። እግራቸው አብጦ ጫማ እምቢ ባለ ጊዜ እንኳ አልጋቸው ላይ ሆነው ሲያዩዋቸው ግራ ትከሻቸው ብቻዋን ዝቅ ብላ ትነሣ ነበር።

ከማረፋቸው ሁለት ሳምንት በፊት እህታቸውን አስጠሩ። የሕይወት ታሪካቸውን እርሷ እንደምትጽፍ አውቀውታል፤ ከእርሷ ሌላ የሚጽፍ የለምና። በወረቀት ምን እንዳደረገች ያውቃሉ፣ እንደገናም ወረቀቱን ለእርሷ ሰጡ። «አንቺ ነሽ የምትጽፊው። ስም ጠርተሽ ግቢ» አሏት። ስለዚህ ነው ከልደታቸው በፊት፣ ከወላጆቻቸውም በፊት፣ የአቶ ረመዳን እንድሪስ ስም የተጠራው። ሰባተኛው ማመልከቻ ይኸው ነው፤ የሚቀርበውም ለማንም መሥሪያ ቤት አይደለም።

አቶ ታረቀኝ ገዛኸኝ በተወለዱ በአርባ ስምንት ዓመታቸው ዓርብ የካቲት 14 ቀን 2017 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። ባለቤታቸውን ወይዘሮ መሠረትን፣ ልጆቻቸውን ሄኖክንና መቅደስን፣ እህታቸውን ሙሉን፣ ክርስቲያን እስላም ሳይባል መናኸሪያውን ሙሉ፣ ከዚህም ሁሉ በላይ አቶ ረመዳን እንድሪስን በሐዘን ትተው ሄደዋል። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል። የሚውለው ግን የሚጠራው ሰው ሲገኝ ነው።

አንድ ነገር ቀርቷል። ዛሬ ጠዋት የቅሬው፣ የዕድሩ፣ ሰዎች ተሸካሚ ሲመድቡ፣ አቶ ረመዳን ስድሳ አምስት ዓመት አልፏቸዋል፣ እግራቸውም አይመችም፣ ቀብሩ እንዳይዘገይ ከኋላ ይከተሉ የሚል ሐሳብ ቀርቦ ነበር። የቀረበው በደግ ልብ ነው። ቤተሰቡ ግን አልተቀበለውም። አስከሬኑን ከፊት በግራ በኩል የሚይዙት አቶ ረመዳን እንድሪስ ናቸው፤ ሌሎቹ ተሸካሚዎችም፣ ቀባሪውም ሁሉ፣ ከዚህ ድንኳን እስከ ደጀ ሰላሙ በእሳቸው እግር ይሄዳል። ደኅናው እግር ይቀድማል፣ ሁላችንም ትንሽ ቆም እንላለን፣ ከዚያ ሌላው ይመጣል። ቢዘገይ ይዘግይ፤ የሚቸኩል ሰው ካለ ቀድሞ ይሂድ።

የማንንም ስም የማይረሳ አምላክ የሰው ስም ያልረሱትን የአቶ ታረቀኝን ነፍስ በጻድቃን ማደሪያ ያሳርፍልን፤ ለቀረነውም መጽናናትን ይስጠን።

አሁን ተነሡ፣ መንገዱንም ልቀቁ። እርምጃው የረመዳን ነው።